ዓይን የሌላት ሙሽራ

መምህርቷ ማዳም ሲሃም የዶርሳፍን ሥዕሎች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ሲያበቁ ከቦርሳቸው ሌላ የወረቀት ጥቅል አወጡ። ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ አንድ አንድ ወረቀት አስቀመጡ። ወረቀቶቹ ከኢንተርኔት የታተሙ የሌሎች ሠዓሊዎች ሥራዎች ናቸው። ዶርሳፍ አንዱም አልጠፋትም፤ ከእናቷ ፊት አስበልጣ ትኩር ብላ ያየቻቸው ናቸው።

"ይሄ በረዶ የሰሜኗ ሴትዮ ነው" አሉ ማዳም ሲሃም በጣታቸው እየነኩ። "ይሄ ዝናብ የጃፓኑ ሰውዬ ነው። ይቺ ጣሪያዋ የተገለጠ ቤት ከኢራን ነው የመጣችው። ቀበሮዋን ደግሞ አንቺው ንገሪኝ።"

"እሷም የሰሜኗ ሴትዮ ናት።"

"ለመሆኑ ቀበሮ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"በቴሌቪዥን።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማዳም ሲሃም ግን አልሳቁም። "እጅሽ ጥሩ ነው፤ በእጅሽ ማንም አይመጣብሽም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌባ እነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ቢገባ ያንቺ የሆነ ምን ይዞ ይወጣል? ሁሉንም ለየባለቤቱ መልሶ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።"

የሰው ወርቅ አያደምቅ ቢሏት ይሻላት ነበር፤ ተረት ሁሉም ሰው ላይ የሚወረወር ስለሆነ ያን ያህል አይወጋም። ይሄኛው ግን ለእሷ ብቻ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። ደግሞም ጊዜው የሚያስቀልድ አልነበረም። ዶርሳፍ በወደብ ከተማዋ በስፋክስ የሥዕል ትምህርት ቤት የመጽሐፍ ሥዕል የምታጠና ልጅ ናት፤ የመጨረሻውን ዓመት አንዴ ወድቃ እየደገመች ነው። ሦስተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም። ሰኔ ላይ የአንድ ሙሉ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ይዛ ዳኞች ፊት ትቀርባለች፤ ካለፈች ሠዓሊ ናት፣ ከወደቀች ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ቀርቀና ደሴት ትመለሳለች። አባቷ ደግሞ "ልጄ መጽሐፍ ልትሥል ነው" ብሎ ያልነገረው ዓሣ አጥማጅ ደሴቱ ላይ አልቀረም።

ጓደኞቿ መከሯት። የሰው ሥራ ማየት አቁሚ፣ ከራስሽ ብቻ አውጪ አሏት። ምክሩ ሲሰሙት ደስ ይላል። ዶርሳፍ ስልኳን ቆልፋ፣ መጻሕፍቱን አልጋ ሥር ከትታ ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ ለማውጣት ታገለች። የወጣው ነገር ከበረዶው የባሰ ሆነ፤ ሰዎቿ ሁሉ አንድ ዓይነት አፍንጫ፣ ዛፎቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርንጫፍ አበቀሉ። ማንንም ሳያይ የሚሥል ሰው ነጻ ይወጣል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሠዓሊ ሆኖ እንደማያውቅ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ደሴቱ በሚሻገረው፣ ሉድ በሚሉት መኪና ጫኝ መርከብ ላይ ቆማ ነገሩን ደጋግማ አሰበችው። መዋስ ነውር ከሆነ የምታደንቃቸው ሁሉ ነውረኞች ናቸው። ምናልባት ጥፋቷ መዋሷ ሳይሆን አዋዋሷን አለማወቋ ይሆናል። እንግዲያው ትማረዋለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ከመጀመሪያው ልትጀምር ወሰነች፤ በሕይወቷ መጀመሪያ ከወደደችው ሥዕል።

ያ ሥዕል ያለው ደሴቱ ላይ ረምላ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ አም፣ አጎቴ እንደማለት፣ በሚላቸው በኽማይስ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ ይዟት ይሄድና እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታየው ትቆይ ነበር። መስታወት ላይ የተሣለ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ አለ፣ ጀልባዋ መሃል ዓይኖቿ ትልልቅ የሆኑ ሙሽራ ተቀምጣለች፣ ከበሮ መቺ አለ፣ ከውሃው ሥር ከጀልባዋ የሚበልጡ ዓሦች ይዋኛሉ። ካፒቴኑ የሸራውን ገመድ በግራ እጁ ጨብጧል። የሣለው በእጅ ሙያው ዑስታ ፍረጅ የሚባል የጀልባና የበር ቀለም ቀቢ ነበር፤ ዶርሳፍ ሳትወለድ ነው የሞተው።

"ለጥቂት ቀን ልዋሰው አም ኽማይስ?" አለች ቅዳሜ ጠዋት።

አም ኽማይስ ምላጩን ፎጣ ላይ እየጠረጉ ገላመጧት። "እሱን ወስደሽ ደንበኛዬ ምን ሊያይ ነው? ምላጭ አንገቱ ላይ ሳሳርፍበት ዓይኑን የሚጥልበት ነገር ይፈልጋል። የኔን ፊት ካየማ ተነሥቶ ይሮጣል።"

"እንግዲያው እዚሁ ተቀምጬ ልቅዳው።"

"ወንዶች ፀጉር ቤት?"

"እኔ የማየው ግድግዳውን ነው። የማንንም ራሰ በራ አላይም።"

"ስለ እኔ ነው የምታወራው?" አለ ጥግ ላይ የተቀመጠው መብሩክ። መብሩክ በሉድ ላይ ገመድ ጣይ ነው። አናቱ ላይ አንድ ፀጉር የለውም፤ ዕረፍቱን ግን የሚያሳልፈው ፀጉር ቤት ነው። ግራኙን ካፒቴን መሳደብ ዋና ሥራው ነው። "በግራው እየሳበ ሙሽራዋን ጣሊያን ሊያደርሳት ነው" ይላል ሁልጊዜ። "ተዋት ኽማይስ። ምናልባት ልጅቷ መንገዱን ታቃናለታለች።"

አም ኽማይስ ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። ፈቃዱ ይሄው ነበር።

ዶርሳፍ በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት ለጥፋ መስመሩን ሁሉ ቀዳች። ወረቀቱን ከአናጢው ካመጣችው የመስኮት መስታወት ሥር አነጠፈችና በመስታወቱ ላይ ትቀባ ጀመር። አቀባቧ ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት ነው፤ መጀመሪያ የፊቱን ቀለም፣ ሲደርቅ በላዩ ላይ ዓይኑን፣ ከዚያ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን፣ ጌጡን። ሰው እየገባ እየወጣ፣ ጺም እየተላጨ፣ ጭቅጭቅ እየተነሣ እሷ ቀና አላለችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የዓሦቹን ቅርፊት አንድ በአንድ ጨረሰች።

"አሁን ገልብጪውና እንየው" አሉ አም ኽማይስ። የመስታወት ሥዕል የሚታየው ከተቀባበት በኩል ሳይሆን ከማዶው ነውና።

ገለበጠችው። ሙሽራዋ ዓይን የላትም። አፍም የላትም፤ ባዶ የቆዳ ቀለም ብቻ። ካፒቴኑ ጺሙን አጥቷል፣ ዓሦቹ ቅርፊታቸውን አራግፈዋል። መጨረሻ ላይ የቀባችው ሁሉ መጀመሪያ ከቀባችው ኋላ ተደብቆ ቀርቷል።

መብሩክ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። "አላህ ይማራት! ባሏን ሳታይ ልታገባ ነው!"

"ላንተም የምትበጅህ እንዲህ ያለችው ነበረች" አሉ አም ኽማይስ።

ዶርሳፍ አፈረች። የሁለት ቅዳሜ ሥራዋ የፀጉር ቤት መሳቂያ ሆነ። ግን መስታወቱን ጥግ አስደግፋ ሌላ ባዶ መስታወት አነሣች። አም ኽማይስ የሚያስተካክሉትን ሰው ራስ እንደያዙ አዩአትና "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ። ስድብ ይሁን ምርቃት ድምፃቸው አይለይም ነበር።

አሁን በተገላቢጦሽ ሄደች። መጀመሪያ የዓይን ብሌን፣ ቅንድብ፣ የጉትቻው ነጥብ። ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ባሕር፤ ሰማይ ከሁሉም በኋላ። እንዲህ ሲሠራ መደለዝ የለም። ሰው ሌላ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚወስነውን ሁሉ ገና ሲጀምር መወሰን አለበት፤ የሳተ መስመር ካለ መስታወቱን ሙልጭ አድርጎ ፍቆ እንደገና ነው። ብዙ ጊዜ ፋቀች። አንዱን መስታወት ራሷ ሰበረችው፣ አንዱን አንድ ደንበኛ ተቀመጠበት። ደሴቱ ላይ ነፋሱ በረድ ማለት ሲጀምር አንድ የተሟላ ሥዕል ገልብጣ ከአሮጌው አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሙሽራዋ ዓይኗን ከፍታ አየቻቸው።

መጀመሪያ የጮኸው መብሩክ ነው። "ኽማይስ! ካፒቴኑ ዳነ!"

"ምን ሆኖ ነበር?"

"እጃቸውን እይ! የኛው ግራኝ ነው፣ የሷ ቀኝ ነው! ብዬህ አልነበረም፣ መንገዱን ታቃናለታለች ብዬህ አልነበረም?"

ሁሉም ሳቀ። ዶርሳፍ ብቻ አልሳቀችም። ብሩሹን እንደያዘች ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው አየች። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሥዕል ከመስታወት ሥር አንጥፈህ፣ በላዩ ተከትለህ ቀብተህ ስትገለብጠው ቀኝ ግራ ይሆናል። እሷ ሥር ያነጠፈችው ግራኝ ካፒቴን ነበር፣ በቀኝ እጁ የሚስብ ወጣላት። ታዲያ ዑስታ ፍረጅ ግራኝ እንዲወጣለት ሥር ያነጠፈው ምን ነበር?

"አም ኽማይስ" አለች ቀስ ብላ፣ "ዑስታ ፍረጅም ቀድቶ ነው።"

"ምን?"

"ከመስታወቱ ሥር የሌላ ሰው ሥዕል ነበረው። ካፒቴኑ ገመዱን በቀኙ የጨበጠ። ሲገለብጠው ነው ግራኝ የሆነው።"

የአም ኽማይስ ምላጭ አየር ላይ ቀረ። "ዑስታ ፍረጅ ሌባ ነበር ልትይኝ ነው? በአባቴ ፀጉር ቤት?"

"እንደኔ ነበር ነው የምልዎት።"

"እንዳንቺማ አልነበረም!" አም ኽማይስ በእውነት ተቆጡ። ደንበኛቸውን በግማሽ ጺም ትተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። "ካፒቴኑን ከፈለገ ከሰማይ ያውርደው። ይሄ ሰማያዊ የኛ ጀልባዎች ቀለም ነው፣ ከሥራ የተረፈውን ነው የቀባበት። እነዚህ ማሰሮዎች የኛ የኦክቶፐስ ማጥመጃዎች ናቸው። ከበሮ መቺው ደግሞ አጎቴ ነው! አፍንጫውን እዪው፣ ከዚያም የኔን እዪ!"

ዶርሳፍ አየች፤ አፍንጫው ያው ራሱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዓሦቹን ስታይ አፍንጫውን አላየችውም ነበር። ዑስታ ፍረጅ የሌለውን ተዋሰ እንጂ ያለውን አልጣለም። ካፒቴኑን ከማያውቀው አገር አመጣና ጀልባው ላይ የሠፈሩን ሰዎች አሳፈረ። እሷ ግን በተዋሰችው ጀልባ ላይ የተዋሰቻቸውን ሰዎች ጭና፣ በተዋሰችው በረዶ ላይ ስትነዳ ነው የኖረችው። እሷ ጀልባዋ ላይ ማንን ልታሳፍር ነው? ይሄንን ጥያቄ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሳልሃ ግቢው ውስጥ ኦክቶፐሶች እንዲደርቁ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እየሰቀለች ነበር። ዶርሳፍ ያንን የመጀመሪያውን ብልሹ መስታወት ፍቃ ደግማ ልትጠቀምበት አምጥታው ነበርና በር ላይ አስደገፈችው። እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ይቺ እኔ ነኝ" አለች።

"እማ፣ ተበላሽቶ ነው። ዓይኗ ከኋላ ተደብቆ ነው።"

"አውቃለሁ ተበላሽቶ እንደሆነ፣ ዕውር አይደለሁም። ግን እኔ ነኝ። እኔ ስመጣ እንዲህ ነበርኩ።" ሳልሃ ሌላ ኦክቶፐስ አነሣች። "ከስፋክስ ሲያመጡኝ አያትሽ 'ሙሽራ ከበግና ከሲሚንቶ ጋር በሉድ አትገባም' ብለው በራሳቸው ጀልባ አሳፈሩኝ። ቀይ ጨርቅ ፊቴ ላይ ጣሉብኝ። የባልሽ ደጃፍ እስክትደርሺ እንዳትገልጪው አሉኝ። እኔ ደግሞ ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅ፣ ዋና አልችል። ከወደብ እስከ ወደብ ያየሁት ቀይ ብቻ ነው።"

"ምን ሰማሽ ታዲያ?"

ሳልሃ የያዘችውን ኦክቶፐስ መልሳ አስቀመጠች። ይሄንን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስልም። "ገመዱ እንደ አህያ ሲጮህ። ከበሮው... ከበሮው ሆዴ ውስጥ ነበር የሚመታው። ከዚያ ሲያቆም ደግሞ ዝም ይላል፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሁሉም ሰው ጥሎኝ የወረደ መሰለኝ። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው ያስላል። እህህ! እህህ! ኧረ ያ ረቢ፣ ይሄን ሳላም ሰውዬ ብቻ ባሌ አታድርግብኝ እያልኩ እጸልይ ነበር።"

"አባባ ነበር?"

"ማን ይሁን ታዲያ? ያው ዛሬም እየሳለ ነው፣ አትሰሚውም?"

እውነትም ከውስጥ ክፍል የአባቷ ሳል ይሰማ ነበር። ሁለቱም ሳቁ። ዶርሳፍ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። "ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አንቺ የምትጠይቂው ስለ ቀበሮ ነው።"

ከማዳም ሲሃም ንግግር ይበልጥ ይሄኛው ዘልቆ ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ሰው ዶርሳፍ ሆና ተገኘች፤ ብቻ የብብቷ ገና አልተሰበረም ነበር። መስታወቱን አልፋቀችውም። ዓይን የሌላትን ሙሽራ አልጋዋ ትይዩ ሰቀለችና መጽሐፏ ምን እንደሚሆን በዚያው ቀን ወሰነች፤ ባሕሩን ሳታይ የተሻገረች ሙሽራ። ባሕሩ ሲታይ እንዳለው ሳይሆን ስትሰማው እንደሆነው ይሣላል።

ለዚህ መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። እሑድ ወደ ስፋክስ ስትመለስ የእናቷን ቀይ ጨርቅ ከሣጥን አውጥታ ይዛው ሄደች። ሉዱ ላይ ዳር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን ፊቷ ላይ ጣለችው። የመርከብ ሰው ዝም ብሎ አያሳልፍም።

"ሙሽሪት! ባልሽ የታለ?"

"ዋኝቶ እየመጣ ነው!" አለ ሌላው።

"አንሺው እስቲ፣ ቆንጆ ከሆንሽ እኔ አለሁ!"

ገመድ ጣዩ መብሩክ በድምፁ ታወቃት። "ተዋት!" ብሎ ጮኸ። "ልጅቷ ሥራ ላይ ናት!" ሰዎቹ ይሄ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ግን ማንም እንዳይጠጋት ስፋክስ እስኪደርሱ አጠገቧ ቆመ። ዶርሳፍ በጨርቁ ውስጥ ሆና ሰማች። ቀዩም አንድ ቀይ አልነበረም፤ ፀሐይ የመታው ብርቱካን ይመስላል፣ እጥፋቱ ጋ ሊጠቁር ይደርሳል። ራሷን አዞራት፣ ግን ጨርቁን አልገለጠችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነው። አልጋ ሥር የከተተቻቸውን መጻሕፍት ሁሉ አወጣች፤ አሁን ምን ፈልጋ እንደምትገልጣቸው ታውቃለች። ከበሮው ያቆመበትን ዝምታ ለመሣል የሰሜኗን ሴትዮ በረዶ ተዋሰች፤ ያ ሁሉ ነጭ ባዶ ቦታ ለካ ዝምታ ነበር። የጃፓኑን ሰውዬ የዝናብ መስመሮች ወስዳ ጨርቁን የሚጎትት ነፋስ አደረገቻቸው። ከኢራኑ ሥዕል ጣሪያ መግለጥን ወሰደችና የጀልባዋን ጎን ገልጣ ውስጧን አሳየች። ካፒቴኑንም ከፀጉር ቤቱ አመጣችው። ቀበሮዋን ግን ተወቻት።

የመጀመሪያ ፈራጅዋ እናቷ ነበረች፤ እሷም አትምርም።

"ከበሮው አነሰ። እኔ የሰማሁት ቤት ያክላል።"

ዶርሳፍ ፍቃ ቤት የሚያክል ከበሮ ሣለች፤ ከበሮ መቺው ከሥሩ ጉንዳን አከለ።

"ገመዱ ቆንጆ ሆነ። ቆንጆ አልነበረም፣ የሚያስፈራ ነበር።"

ፋቀች።

ሳሉን ስታመጣ ግን ተከራከሩ። ዶርሳፍ ካፒቴኑን አባቷ አድርጋው ሳሉን ከአፉ የሚወጣ የጥቁር ወፎች መንጋ አድርጋ ሣለችው፤ ወፎቹ ሸራውን አልፈው፣ ሰማዩን ሞልተው፣ ሙሽራዋ ላይ ያንዣብባሉ።

"ይሄንን አሳንሺው" አለች ሳልሃ። "አባትሽ ያፍራል።"

"አላሳንስም።"

"ሰው ምን ይላል?"

"እማ፣ ፈርተሽ ነበር አይደል?"

ሳልሃ ወፎቹን ብዙ አየቻቸው። "በጣም" አለች በመጨረሻ። "እንግዲያው ጨምሪበት።" ዶርሳፍም ጨመረችበት።

ሰኔ ሊገባ ሲል ሉዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ሲንገጫገጭ ሁለት ሥዕሎች በሣጥኑ ውስጥ ደቀቁ። መብሩክ የስባሪውን ድምፅ ሰምቶ ሲመጣ ዶርሳፍ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኛት። "ሌላ መስታወት ላምጣልሽ?" አለ።

"አምጣልኝ" አለች አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። መብሩክ ከአክስቱ ቤት መስኮት ነቅሎ አመጣላት የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን እስካሁን አላመነም። ሁለቱን ሥዕሎች እንደገና ሠራቻቸው። ቀዩን በሁሉም ላይ ከሁሉም መጨረሻ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ ስስ አድርጋ ቀባችው።

የዳኞቹ ቀን ደረሰ። ሦስት ነበሩ፤ ማዳም ሲሃም መሃል ተቀመጡ። ዶርሳፍ መስታወቶቹን በትልቁ መስኮት ደፍ ላይ ደረደረቻቸው፤ የጠዋቱ ፀሐይ በኋላቸው ገባና ሙሽራዋ ያለችበት ቦታ ሁሉ ቀላ። ከዚያ ከቦርሳዋ የወረቀት ጥቅል አወጣች። ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ አንድ አንድ ወረቀት አስቀመጠች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ማዳም ሲሃም።

"እርስዎ የጀመሩት ነው፣ ማዳም። ዘንድሮ እርስዎን ከማደክም እኔው ልናገር ብዬ ነው።" ወረቀቶቹን በየተራ በጣቷ እየነካች ቀጠለች። "ዝምታውን ከሰሜኗ ሴትዮ በረዶ ወስጄዋለሁ። ነፋሱ የጃፓኑ ሰውዬ ዝናብ ነው። ጀልባዋን የከፈትኩት ከኢራኑ ቤት ተምሬ ነው። ካፒቴኑ ረምላ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለው። የሣሉት ዑስታ ፍረጅ ይባላሉ፤ እሳቸውም ከማን እንደወሰዱት አላውቅም። ባውቅ ስሙን እነግራችሁ ነበር።"

በቀኝ በኩል ያሉት ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲህ ግማሹ የሰው ነው ማለት ነው።"

"ከግማሽ ይበልጣል።"

"ያንቺስ የቱ ነው?"

ዶርሳፍ ለዚህ ጥያቄ ስንት ወር ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ሁሉም በአንዴ ከአፏ ጠፋ። የቀራት እውነቱ ብቻ ነበር። "ሙሽራዋ ዓይን የላትም" አለች። "ይሄንን ከማንም አልወሰድኩም፤ ስሳሳት ነው የመጣው፣ ፀጉር ቤት ሙሉ ሰው ስቆብኛል። የሰማችውን ሁሉ ደግሞ የሰጠችኝ እናቴ ናት። እስከ ዘንድሮ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ሌላ የለኝም።"

ሁለቱ ዳኞች እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ማዳም ሲሃም ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እያለፉ ሄደው ወፎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ የውጤት መስጫ ወረቀቱን ደፉ ላይ አስደግፈው እርሳሳቸውን አነሡና መጻፍ ጀመሩ።

ዶርሳፍ ውጤቱን እየጻፉ ነው ብላ አሰበች፤ እንዲህ ብዙ የሚጻፍ ውጤት ደግሞ ደህና ሆኖ አያውቅም። አላስችል ሲላት በመስኮቱ በኩል ዞራ አንገቷን አስግጋ አየች። ወረቀቱ ላይ ቁጥር የለም። በዳሩ ላይ የጨርቁ እጥፋት ተሥሏል፤ ፊት የሌለው ራስ ተሥሏል፤ ከካፒቴኑ አፍ የሚወጡት ወፎች ገና ሦስቱ ተሥለው አራተኛው እየተሣለ ነው።

"ማዳም" አለች ዶርሳፍ፣ "እየሰረቁኝ ነው?"

"አትረብሺኝ" አሉ ማዳም ሲሃም ቀና ሳይሉ። "ገና አልጨረስኩም።"

ዶርሳፍ ጥላዋ ወረቀቱ ላይ ማረፉን አየችና ብርሃኑን እንዳትከልልባቸው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችላቸው።